ግጥምዎን ለማን፣ በየት በኩል? የበይነ መረብ መድረክ ለሚመርጡ ጀማሪ ገጣሚያን

ባለፈው ክረምት ስምንት ስንኝ ያላትን አንዲት ግጥሜን በአንድ ምሽት በሦስት ቦታ አወጣኋት፤ በፌስቡክ ገጼ ላይ፣ አንድ ወዳጄ በሚያስተዳድረው የቴሌግራም ቻናል ላይ፣ እንዲሁም ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ባሉበት ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ። ፌስቡክ ላይ «ብዕርህ አይንጠፍ»፣ «ይበል»፣ «ምርጥ ነው ወንድሜ» የሚሉ አስተያየቶች እስከ እኩለ ሌሊት ሲጎርፉ አመሹ። ቻናሉ ላይ የተመልካቹ ቁጥር እስኪነጋ ድረስ እያደገ ሄደ እንጂ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። በዝግ ግሩፑ ውስጥ ግን በጡረታ የተገለሉ አንድ የአማርኛ መምህር በማግስቱ ረፋድ ላይ «አምስተኛው ስንኝ፣ ሁለተኛው ሐረግ ሰባት ቀለም ነው፤ እስኪ በአፍህ በለው» የሚል አንድ መስመር ላኩልኝ፤ ሐረግ የስንኙ ግማሽ፣ ቀለም ደግሞ ግጥም የሚለካበት ክፍለ ድምፅ ነው። በአፌ ብለው እውነትም ምላሴ ተደናቀፈ።

ግጥሙን የት እንደሚያወጣ የሚያማክረኝ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ብዙ አንባቢ የሚገኘው የት እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሁለተኛ መምጣት ያለበት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መድረክ አንባቢ ብቻ ሳይሆን የራሱን የምላሽ ዓይነት ይዞ ስለሚመጣ፣ የሚፈልገውን ምላሽ ሳይለይ መድረክ የመረጠ ሰው እርማት ሲጠብቅ ጭብጨባ፣ ጭብጨባ ሲጠብቅ ዝምታ ያገኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድራቸው በተመልካች ብዛት ሳይሆን በሚመልሱት ነገር ነው።

ነገራ እና ይበልታ

በቅኔ ቤት ይህ ልዩነት ከጥንት የታወቀ ነው። ተማሪው ቀን ሜዳ ወርዶ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይህም ነገራ ይባላል፤ ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ጀምሮ ወደ ረጃጅሞቹ ሲያድግ፣ መምህሩ የተሳሳተውን ያርሙለታል፣ የደከመውን ያስጥሉታል። «ይበል» የሚባለው ቅኔው ተጣርቶ በጉባኤ ፊት ሲቀርብ ነው። የሚታረሙበት ስፍራና የሚመሰገኑበት ስፍራ የተለያዩ ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ በስልካችን ላይ ሁለቱ ስለተቀላቀሉ፣ ነገራ ያልደረሰው ግጥም በቀጥታ ይበል ይባልለታል፤ ገጣሚውም የተመሰገነውን ግጥም መልሶ ለማረም ልቡ አይፈቅድለትም።

ከአንባቢ የሚመጣው ምላሽ በእኔ አስተያየት አራት ዓይነት ነው። አንደኛው አድናቆት ነው፤ ሁለተኛው አንባቢው ግጥሙን እንዴት እንደተረዳው የሚናገርበት ነው፤ ሦስተኛው የቀለም ቆጠራውን፣ ቤት መምቻውን (ስንኞቹ የሚገጥሙበትን የመጨረሻ ድምፅ) እና የቃል ምርጫውን የሚነካ እርማት ነው፤ አራተኛው ደግሞ ግጥምን በግጥም መመለስ ሲሆን፣ እንካ ሰላንትያ እየተባባለ ላደገ ሕዝብ ከሁሉም የቀረበው እርሱ መሆን ነበረበት። ከአራቱ ውስጥ በብዛት የሚታደለው የመጀመሪያው፣ እጅግ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የቀለም ስሕተትን ገጣሚው ራሱ ጣቱን እየቆጠረ ሊደርስበት ይችላል፣ ግጥሙ በሌላ ሰው አእምሮ ውስጥ ምን እንደሆነ ግን ካልነገሩት በስተቀር ሊያውቅ አይችልም።

ፌስቡክ፦ የዘመድ አዳራሽ

ፌስቡክ ለጽሑፍ ግጥም ምቹ ቤት ነው። አንድ ፖስት ከ63,000 በላይ ፊደላትን ስለሚይዝ የቦታ ችግር የለበትም፤ አስተያየት ከአስተያየት ሥር ስለሚገባ አንድን ስንኝ አንስቶ መከራከር ይቻላል፤ ፖስቱ ቢታረም እንኳ የእርማቱ ታሪክ ከነቀኑ ተቀምጦ ስለሚታይ፣ ግጥሙ ከወራት በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማሳየት ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ጥቅም የግጥም ባለቤትነት ክርክር ሲነሳ ዋጋ አለው።

ጉድለቱ የሚመጣው ከአንባቢው ማንነት ነው። በገጽዎ ላይ ያሉት ሰዎች በአመዛኙ የሚያውቁዎት ናቸው፤ የአክስት ልጅ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ አብሮዎት ያስቀደሰ ሰው። እነዚህ ሰዎች ግጥሙን የሚያነቡት እርስዎን እያዩ ስለሆነ፣ ማረም ማስቀየም ይመስላቸዋል፤ ሐሳባቸውም ከግጥሙ አልፎ ወደ ኑሮዎ ይሄዳል። የመለያየት ግጥም ያወጣ ሰው «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» የሚል ስልክ ማስተናገዱ አይቀርም። ሴት ገጣሚያን ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። አንዲት የግሩፓችን አባል ስለ ክህደት የሚናገር፣ ከእርሷ ሕይወት ጋር ግንኙነት የሌለው ግጥም ባወጣች ጊዜ፣ በአደባባይ ከተጻፉት አስተያየቶች ይልቅ «ማን ነው እንዲህ የጎዳሽ?» የሚሉ የውስጥ መስመር መልእክቶች በዝተውባት ሦስት ቀን ስልኳን ዘግታ እንደከረመች ነግራናለች። ከዚያ በኋላ የብዕር ስም ያዘች፤ እኔም ገጹን ከራስዋ ስም ለመለየት ለምትፈልግ ሁሉ ይህንኑ እመክራለሁ።

ስለ መልኩም አንድ ነገር ልጨምር። የወል ቤት ስንኝ ስድስትና ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች ስላሉት በስልክ መስኮት ላይ እንደምንም ይገባል፤ ስምንትና ስምንት የሆነው የጸጋዬ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ የመጨረሻው ቃል ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ሽሽት ሐረጎቹን በሁለት መስመር እየከፈለ ይጽፋል፤ ይህም ዓይንን ቢያሳርፍም፣ ጀማሪውን አንባቢ ቤት የሚመታው በየመስመሩ እያለፈ እንደሆነ አድርጎ ያሳስተዋል። ምርጫው ከእነዚህ ሁለት ጉዳቶች አንዱን መቀበል ነው፤ እኔ መክፈሉን እመርጣለሁ፣ ነገር ግን በየስንኙ መካከል አንድ ባዶ መስመር እተዋለሁ።

የቴሌግራም ቻናል ወይስ ግሩፕ?

እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። ቻናል ባለቤቱ የሚናገርበት፣ ሌላው የሚያዳምጥበት ሰገነት ነው፤ ግሩፕ ሁሉም የሚናገርበት የቡና ሰዓት ነው። ቻናል የተከታይ ብዛት ገደብ የለበትም፤ ግሩፕ እስከ 200,000 አባላት ድረስ ይይዛል፣ ምንም እንኳ ከሃያ በላይ የሆነ የግጥም ግሩፕ ግሩፕነቱ ወዲያው የሚቀር ቢሆንም።

ቻናል የሚጠቅመው የተጠናቀቀ ሥራ በተከታታይ ለማኖር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ላይ ሄዶ የመጀመሪያውን ግጥም ማግኘት ቀላል ነው፤ ጽሑፉ እስከ 4,096 ፊደላት ስለሚፈቅድ ረጅም ግጥም እንኳ ሳይከፈል ይገባል። ግጥሙን ከሥዕል ሥር ማስቀመጥ የሚወዱ ሰዎች ግን የሥዕል መግለጫ በነጻው አገልግሎት 1,024 ፊደላት ላይ እንደሚቆም ማወቅ አለባቸው፤ ያም ከአርባ ጥቂት ከፍ የሚል የወል ቤት ስንኝ ብቻ ነው። ግጥሙን ራሱን በሥዕል መልክ ማውጣትም አለ፤ መልኩ ያምራል፣ ነገር ግን ሥዕል ላይ ያለ ቃል በፍለጋ አይገኝም፣ ደካማ ኔትዎርክ ላይ ያለው አንባቢም ሥዕሉ እስኪከፈት አይጠብቅም። የቻናል ትልቁ ጉድለት ዝምታው ነው። አስተያየት መስጫ ግሩፕ ሊታከልለት ቢችልም፣ ሰው ቻናል ላይ የሚመጣው አንብቦ ለማለፍ ስለሆነ ምላሹ በልብ ምልክት ያበቃል። ስንት ሰው እንዳየው የሚናገረው ቁጥርም ያነበበውንና በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያለፈውን አይለይም።

ዝግ ግሩፕ ላይ ጊዜ ወስጄ ብናገር ይፈቀድልኝ፤ ለሚማር ሰው ከሁሉም የሚሻለው እርሱ ነው ብዬ ስለማምን።

የመምህሩ እርማት በደረሰኝ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። ስንኙ «ክረምቱ ሲወጣ ቃል ገብቶልኝ ነበረ» የሚል ነበር፤ ተናጋሪዋ ልጇን የምትጠብቅ እናት ናት። «ክረምቱ ሲወጣ» ስድስት ቀለም ነው፤ «ቃል ገብቶልኝ ነበረ» ግን ሰባት ይሆናል። አንድ የግሩፑ አባል «ቃል ሰጥቶኝ ነበረ» ቢሆን ቁጥሩ ይስተካከላል አለ። ቤይሩት የምትሠራ እህታችን ማታ ሥራዋን ጨርሳ ስትገባ ይህን አንብባ «ቃል መስጠትማ የፖሊስ ጣቢያ ነው፤ እናት እንዲህ አትልም» ስትል በድምፅ መለሰች። እውነቷን ነበር። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ልኝ» የምትለዋን ብቻ እንዳወጣት መከረኝ፤ «ክረምቱ ሲወጣ ቃል ገብቶ ነበረ»። ቀለሙ ስድስት ሆነ። ከዚያም በላይ፣ ለማን ቃል እንደገባ ሳይነገር ሲቀር፣ ልጁ ለእናቱ ይሁን ለሌላ ሰው፣ ወይም ለራሱ ቃል ይግባ አንባቢው እንዲጠራጠር ሆነ፤ ይህንን እኔ ፈልጌው አልነበረም። ይህ ሁሉ ንግግር ሁለት ቀን ፈጀ፤ የተናገሩትም አራት ሰዎች ነበሩ።

እንዲህ ያለ ግሩፕ ግን ዝም ብሎ አይበቅልም። እኔ ካየኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ በሦስት ወር ውስጥ የሞቱት በተመሳሳይ ሁኔታ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉም ግጥም ይለጥፋል፣ ማንም የማንንም አያነብም፣ ከዚያ የመልካም በዓል ምኞት ሥዕሎች ይመጣሉ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ፖለቲካ ያነሳና አድሚኑ ይዘጋዋል። የቆዩት ደግሞ ተራ ያላቸው ናቸው። በእኛ ዘንድ በሳምንት የሁለት ሰው ግጥም ብቻ ይቀርባል፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ ባለው ጊዜ ሁሉም አባል ቢያንስ አንድ ነገር ይናገራል፤ «ደስ ይላል» የሚለው እንደ አስተያየት አይቆጠርም፤ ገጣሚው ሁሉም ተናግሮ እስኪያበቃ ድረስ ስለ ግጥሙ ማብራሪያ አይሰጥም። የመጨረሻዋ ደንብ ከባድ ናት። ሰው «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ማለት ሲጀምር አንባቢው የተረዳውን መናገር ያቆማል፣ ገጣሚውም ቀደም ብዬ ሁለተኛው ያልኩትን ምላሽ ያጣል።

በውጭ ያሉ አባላት ካሉ ሰዓትን በጥንቃቄ መጻፍ ያስፈልጋል። በቀጥታ የምናነብበት ጊዜ «ማታ 3 ሰዓት» ተብሎ ቢነገር፣ አዲስ አበባ ያለው በትክክል ይገባል፣ ጅዳ ያለውም ሰዓቱ ስለሚገጥም ችግር የለበትም፤ ዋሽንግተን ያለው ግን በበጋቸው ከእኛ ሰባት ሰዓት፣ በብርዳቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚሆን፣ በዚያ ላይ የራሱ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእርሱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ላይ ገብቶ ባዶ ቤት ያገኛል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

በድምፅ ማቅረብ

ቲክቶክና መሰሎቹ ግጥምን ከገጽ አውጥተው ወደ ጆሮ መልሰውታል። ከበስተጀርባ ዋሽንት ወይም ክራር እያሰሙ ማንበብ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በራስ ሆቴል ይካሄድ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ ሰው ግጥም ለመስማት ትኬት ቆርጦ እንደሚገባ ካሳየ ቆይቷል። የድምፅ መድረክ በጽሑፍ ለማይደረሱ አንባቢዎች ይደርሳል፤ ፊደል ለማንበብ የሚቸገሩ፣ በውጭ አገር ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ እንጂ የማያነቡ ልጆች፣ እጃቸው ሥራ ላይ የሆነ ሰዎች ሁሉ ያዳምጣሉ።

ይሁን እንጂ በአማርኛ ግጥም ላይ ድምፅና ጽሑፍ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም፤ ይህን ነጥብ መድረክ ከመምረጥ በፊት ማሰብ እንደሚገባ ብዙ ሰው አይገነዘበውም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። በሌላ ጊዜ የጻፍኳት አንዲት መንቶ፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም፣ እንዲህ ትላለች፦

ስለ ልጇ ቢሏት መልሷ አጭር ሆነ፤
አለ ብቻ ብላ ፊቷ ግን ዳመነ።

«አለ» ላልቶ ከተነበበ ልጁ እመጣለሁ ብሎ እንደነበር፣ ግን ከማለት ያለፈ ምንም እንዳላደረገ እናቱ ተናገረች ማለት ነው። ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ ልጁ በሕይወት አለ፣ ከመኖሩ በስተቀር የሚነገር ነገር የለውም ማለቷ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ፤ አንባቢው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በድምፅ ለማንበብ ስሞክር ግን ከሁለቱ አንዱን መግደል ነበረብኝ፤ አንድም ጊዜ አጥብቄ፣ አንድም ጊዜ አላልቼ ቀድቼ ሁለቱም አላረኩኝም። ስለዚህ ይህቺ ግጥም የጽሑፍ ግጥም ናት፤ ድምፅ መድረክ ላይ መውጣት የለባትም።

የተገላቢጦሹም አለ። ኅብረ ቃሉ (ሁለት ትርጉም የሚሸከመው ቃል) በቃላት መጋጠም ላይ የቆመ ግጥም ጽሑፍ ላይ ይሞታል። «ወይንሸት» የሴት ስም ነው፤ «ወይን እሸት» ሌላ ነገር ነው። በአፍ ሲባሉ ሰሚው በመካከላቸው ይዋልላል፤ ሲጻፉ ግን ክፍተቱን ማስገባት ወይም መተው ግድ ስለሆነ፣ ሰሙና ወርቁ ገና ከመነሻው ተለይተው ይቀመጣሉ። አዝማሪው የሚያስቀው በዚህ ነበር። እንዲህ ዓይነት ግጥም የሚጽፍ ሰው የትኛውም የጽሑፍ መድረክ አይጠቅመውም፤ ድምፁን ይቅዳ።

የምላሹ ነገር ግን ያሳዝናል። ቲክቶክ ላይ አንድ አስተያየት ከ150 ፊደላት አይበልጥም፤ ያም ቢበዛ ስድስት ሰባት ስንኝ ነው። ግጥምን በግጥም ለመመለስ ይበቃል፤ እንዲያውም አጭርነቱ ለዚህ ይመቻል፣ መንቶ ለመንቶ ሲመላለሱ ያየሁባቸው ምሽቶች ነበሩ። ለእርማት ግን አይሆንም፤ አስተያየቶቹም ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ አንባቢው ድምፅ፣ ስለ ልብሱና ስለ ሙዚቃው ነው። ደካማ ስንኝ በጥሩ ድምፅና በዋሽንት ሥር ይደበቃል፤ ገጣሚውም መደበቁን ሳያውቅ ይቀራል። በዚህ ረገድ ለጀማሪ የድምፅ መድረክ የመጨረሻ ምርጫ መሆን አለበት እላለሁ፤ የማይስማሙኝ ወዳጆች እንዳሉኝም አውቃለሁ።

ካሜራ ፊት መቅረብ ለማይፈልግ ሰው በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክት መካከለኛ መንገድ ነው። መልክ የለበትም፤ ዳታም ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው የሚወስደው።

ዋትስአፕና ኤክስ

ዋትስአፕን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ለቤተሰብና ለቅርብ ወዳጅ ይሆናል፤ በግሩፕ ውስጥ ግን የአባላቱ ስልክ ቁጥር ለሁሉም ስለሚታይ፣ የማይተዋወቁ ገጣሚያንን፣ በተለይም ሴቶችን፣ እዚያ መሰብሰብ ተገቢ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ቁጥርን ደብቆ በመጠሪያ ስም ብቻ መግባት ይቻላል። ዋትስአፕ ላይ የላኩትን ለማረምም ያለዎት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፤ የቀለም ስሕተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ነው የሚታየው።

ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) የአማርኛን ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጥር በነጻው አገልግሎት 280 የሚባለው ልክ ለእኛ 140 ፊደል ገደማ ይሆናል፤ ሰባት ያህል የወል ቤት ስንኝ። ለመንቶና ለአጭር ቧልት ካልሆነ በስተቀር አልመክረውም።

ግጥሙ ቢወሰድስ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኔ ግጥም ስሜ ተቆርጦ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ተለውጠው፣ በማላውቀው ሰው ድምፅ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ቤት መምቻውን አበላሽቶት ስለነበር የተናደድኩት በስርቆቱ ይሁን በቤት መምቻው እስካሁን አልለየሁም። ለሰውየው ጻፍኩለት፤ አልመለሰም፤ ከሳምንት በኋላ ቪዲዮው ጠፋ።

በሕግ በኩል ያለው ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት የተሻለ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ጥበቃ ይሰጣል፤ ለጥበቃው መመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ የገጣሚው ኢኮኖሚያዊ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ችግሩ መብቱ መኖሩ ሳይሆን ቀድሞ የጻፈው ማን እንደሆነ ማሳየት ነው፤ በዚህ ረገድ የፌስቡክ የእርማት ታሪክና የቴሌግራም ቻናል ቀን ይረዳሉ፣ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ በድምፅ የተላከ ግጥም ግን ብዙም አይረዳም።

የተወሰደ ግጥምን ለመፈለግ አንድ ዘዴ ልጠቁም። ፀሐይን አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ» ብሎ ስለሚጽፈው፣ በሀና ሐ፣ በሰና ሠ፣ በአና ዐ፣ በጸና ፀ የተጻፉ ቃላት ያሉበትን ስንኝ ይዞ መፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ ይመለሳል። እነዚህ ፊደላት የሌሉበትን ሦስት ወይም አራት ቃል ከግጥሙ መካከል መርጦ መፈለግ ይሻላል። ከእኔዋ ስንኝ ብመርጥ «ቃል ገብቶ ነበረ» በቂ ነው።

የራስ ቅጂ ማስቀመጥም ግድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ለአምስት ወራት ያህል ተገድበው በነበረበት ጊዜ፣ ሥራውን ሁሉ በቻናሉ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው የራሱን ግጥም ለማንበብ ቪፒኤን ሲፈልግ አይቻለሁ። ደብተር ላይ መጻፍ ያረጀ ልማድ ይመስላል፤ እኔ ግን በደብተር እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወደ ስልክ አስገባለሁ፣ በዚያ መሐል ከሦስት ስንኝ አንዱ ይለወጣል።

ታዲያ ምን ይምረጡ?

መጻፍ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ያልሞላዎት ከሆነና ግጥምዎ ቤት እየመታ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆኑ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ሰው ያለበት ዝግ ግሩፕ ይፈልጉ፤ ካጡ አራት ሰው ሰብስበው ይጀምሩ። ከአባላቱ አንዱ ቢያንስ ከእርስዎ የበለጠ ያነበበ፣ አንዱ ደግሞ ግጥም የማይጽፍ ግን የሚያነብ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የማይጽፈው ሰው ስለ ቀለም ቆጠራ ምንም ስለማያውቅ፣ ያልገባውን ነገር አልገባኝም ለማለት አያፍርም።

ግጥምዎ የታረመ ከሆነና ሰው እንዲያነብልዎት ብቻ የሚሹ ከሆነ፣ የሚያውቁዎት ሰዎች አስተያየት የማይረብሽዎት ሲሆን ፌስቡክን፣ የሚረብሽዎት ሲሆን በብዕር ስም የተከፈተ ቻናልን ይምረጡ። ሁለቱንም የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ ቻናሉን እንደ ደብተር፣ ፌስቡክን እንደ አዳራሽ ይጠቀሙበታል፣ ይህም ክፉ አይደለም።

ሲጽፉ ከንፈርዎ የሚንቀሳቀስ፣ ግጥሙን ከመጻፍዎ በፊት የሚሰሙት ዓይነት ሰው ከሆኑ ደግሞ፣ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ችላ ብለው ድምፅዎን ይቅዱ፤ ሆኖም ከመልቀቅዎ በፊት ቅጂውን ያለ ዋሽንቱ ለአንድ ሰው ያሰሙ።

ለሌሎች ምላሽ ሲሰጡም ቦታውን ያስተውሉ። በዝግ ግሩፕ ውስጥ የሚባል እርማት ፌስቡክ ላይ በሰው ዘመዶች ፊት ሲጻፍ ስድብ ይመስላል፤ አደባባይ ላይ ስሕተት ካዩ በውስጥ መስመር ይጻፉ፣ በአደባባይ ደግሞ የወደዱትን ስንኝ መርጠው ጠቅሰው ለምን እንደወደዱት ይናገሩ። «ይበል» ከማለት ሁለት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ገጣሚው ግን ለወር ያስታውሰዋል።

ያቺ ስምንት ስንኝ ግጥም ከታረመች በኋላ ባለፈው መስከረም እንደገና ፌስቡክ ላይ አወጣኋት። ያው ሰዎች ያንኑ ጻፉ። አንዱ ብቻ «ይህቺን ከዚህ በፊት አላየኋትም? ግን የሆነ ነገሯ ተለውጧል» ሲል አስተያየት ሰጠ፤ በውስጥ መስመር ጻፍኩለትና ግጥም ይጽፍ እንደሆነ ጠየቅሁት። አይጽፍም። አሁን የግሩፑ አሥረኛ አባል ነው።